መልቲካም ለሰርግ ቪዲዮ አይበዛበትም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳር የቪዲዮ ባለሙያዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ይነበባል። በብዙ ካሜራ የተቀረጸን ሰርግ ወይም ክብረ በዓል በኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ መልቲካም ሲኩዌንስ (የሁሉም ካሜራ ምስል በጊዜ ተገጣጥሞ አንድ ላይ የሚቀመጥበትና እየተመረጠ የሚቆረጥበት) ሠርቶ ማቀናበር ለእኛ አያስፈልግም የሚል ነው። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። ዝም ማለት ያልፈለግሁትም ለዚሁ ነው። የቆየ ሰው የተናገረውን ጀማሪው ሳይመረምር ይቀበላል። ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም «ታዲያ እንተወው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች አሉ። የጥር ሰርግ ከመድረሱ በፊት መልስ ይገባቸዋል።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። መልቲካም የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ካሜራ ክሊፖቹን ደራርቦ በሬዘር (በፕሮግራሙ መቁረጫ ምላጭ) መቁረጥ ይበቃል። የግድ እሠራለሁ የሚል ካለ ፕሮግራሙ በድምፅ ራሱ ስለሚያገጣጥም ቀረጻ ላይ መጨነቅ የለበትም። ያም ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፅና ምስል ይለያያሉ፤ ይህ የመልቲካም ጉድለት ነው። ላፕቶፖቻችንም አይችሉትም። ቁጥር እየተጫኑ መቁረጥ ደግሞ የኤዲተሩን ጥበብ ይገድላል። መጨረሻ ላይ አንድ ምክር አላቸው፤ ድምፁ ከካሜራው ጋር አብሮ ይቀያየር ይላሉ።

የምስማማበት ነጥብ አለ። የማልስማማበት ግን ይበዛል። በቅደም ተከተል ልሂድ።

«የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ስዊቸር አለው። ዳይሬክተሩ «ካሜራ ሁለት» ሲል ባለሙያው ቁልፉን ይጫናል፤ ምስሉ እዚያው ይቀየራል። ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ውይይት ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ሲደርስ ዋናው ቁርጥ አልቆለታል። ስዊቸር የሌለን እኛ ነን። ዳስ ውስጥ ሦስት ካሜራማን ይቆማል። እያንዳንዱ ለብቻው ይቀርጻል። አንዱ ሌላው ምን እንደያዘ አያይም። መልቲካም ሲኩዌንስ ያንን የሌለንን ስዊቸር ይሰጠናል። ያውም ከሰርጉ በኋላ፣ ተረጋግተን፣ ያልወደድነውን እየመለስን እንድንሠራ።

በሬዘር መቁረጥስ አይበቃም ወይ? ለአጭር ሥራ ይበቃል። ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነት አላቸው። የአምስት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ በሁለት ካሜራ ቀርጾ የመጣ ሰው መልቲካም ባይሠራ ምንም አይጎድልበትም። የሁለት ሰዓት ሰርግ ግን ሌላ ነው።

እስቲ እናስበው። ክሊፖቹን ደራርባችሁ፣ በሬዘር ቆራርጣችሁ፣ የማትፈልጉትን እየሰረዛችሁ ሄዳችሁ። ከመቶ በላይ ቦታ ቆርጣችኋል። ከዚያ የሁለተኛው ካሜራ ምስል በሁለት ፍሬም (ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) እንደዘገየ አያችሁ። አሁን ምን ይደረጋል? እያንዳንዷን ቁራጭ አንድ በአንድ ማስተካከል ነው። ሌሊቱን ሙሉ። መሐል ላይ የዘለላችኋት አንዲት ቁራጭ ደግሞ አትጠፋም፤ እሷን መጀመሪያ የሚያያት የሙሽራው ወንድም ነው።

መልቲካም ላይ ይህ ጣጣ የለም። ወደ ምንጩ፣ ካሜራዎቹ በየትራካቸው ወደተደረደሩበት ሲኩዌንስ፣ ትገባላችሁ። ፕሪሚየር በተባለው ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ኮንትሮል ይዞ ክሊፑን ሁለት ጊዜ መጫን ነው። በሌላው ፕሮግራም በዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ኦፕን ኢን ታይምላይን» ማለት ነው። የሁለተኛውን ካሜራ ትራክ በሙሉ ሁለት ፍሬም ወደ ግራ ትስባላችሁ። ትወጣላችሁ። የቆረጣችሁት ቦታ ሁሉ አንድ ላይ ተስተካክሏል። ቀለምም እንደዚሁ ነው። አንዱ ካሜራ ዋይት ባላንሱ ተሳስቶ ሙሽሮቹን ሰማያዊ አድርጓቸዋል እንበል። ፕሪሚየር ላይ እርማቱን ምንጩ ውስጥ አንድ ጊዜ ከሠራችሁት ያ ካሜራ በገባበት ሁሉ ይከተላል።

የመልቲካም ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። አንዴ የተገጣጠመ ነገር እንዳይፈርስ ይይዝላችኋል። ፍጥነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በእጅ ማገጣጠም የለመደ ሰውም ልማዱን መተው የለበትም። በእጁ ያገጣጥም። አንድ ካሜራ አንድ ትራክ ይያዝ፤ ልክ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ ሳይቆርጥ ሁሉንም መርጦ «ኔስት» (እንደ አንድ ክሊፕ መጠቅለል) ያድርግ፤ ኔስቱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ መልቲ-ካሜራን «ኢኔብል» ይበል። በቃ፣ መልቲካም ሆነ። ጸሐፊው የሚመርጡት መንገድና የእኔ መንገድ የሚለያዩት በዚህች አንዲት እርምጃ ብቻ ነው።

«ፕሮግራሙ በድምፅ ራሱ ያገጣጥመዋል»

ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነጥብ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ያሳስታል።

ፕሪሚየር ላይ ክሊፖቹን መርጣችሁ «ክሬት መልቲ-ካሜራ ሶርስ ሲኩዌንስ» ስትሉ በምን ላገጣጥም ብሎ ይጠይቃችኋል። በኢን ፖይንት (በክሊፑ መነሻ ነጥብ)፣ በአውት ፖይንት (በመጨረሻው ነጥብ)፣ በታይምኮድ (ካሜራው በየፍሬሙ በሚመዘግበው ሰዓት)፣ በማርከር (እናንተ ባደረጋችሁት ምልክት) ወይም በኦዲዮ (በድምፅ)። ሪዞልቭም እነዚሁኑ ያቀርባል። ኦዲዮን ከመረጣችሁ ፕሮግራሙ የአንዱን ካሜራ የድምፅ ሞገድ በሌላው ላይ እያንሸራተተ ይበልጥ የሚመሳሰሉበትን ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። የሚስትበት ጊዜም አለ። የሚስትባቸው ሁኔታዎች ደግሞ እኛ በየሳምንቱ የምንቀርጻቸው ናቸው።

አንዱ የኪቦርድ ሙዚቃ ነው። ሰርግ ላይ ኪቦርዱ አንድ ምት ይዞ ደቂቃዎች ሙሉ ይደጋግመዋል። ሞገዱም ራሱን ይደግማል። ክሊፑ አጭር ከሆነ ፕሮግራሙ አንድ ዙር አሳልፎ ወይም አንድ ዙር አስቀድሞ ሊያስቀምጠው ይችላል። ስታዩት የገጠመ ይመስላል። ምቱ ልክ ነው፤ ጭብጨባውም ልክ ነው። የዘፋኙ ከንፈር ግን ሌላ ስንኝ ላይ ነው። ማሲንቆ ሲሆን ይህ ችግር ይቀንሳል። አዝማሪው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጫወተውምና።

ሌላው ርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በአንድ ፍሬም ጊዜ ውስጥ ድምፅ የሚሄደው ወደ 14 ሜትር ነው ማለት ነው። ዳስ ውስጥ ይህ ምንም አይደለም። ሜዳ ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አስቡት። አንዱ ካሜራ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው። ሌላው 100 ሜትር ርቆ ጋላቢዎቹን ይጠብቃል። ለሩቁ ካሜራ ድምፁ 7 ፍሬም ዘግይቶ ይደርሰዋል። ፕሮግራሙ ድምፁን ከድምፅ ጋር ሲያገጣጥም የሩቁን ካሜራ ክሊፕ በ7 ፍሬም ወደ ፊት አስቀድሞ ያስቀምጠዋል። ድምፁ ገጠመ፤ ምስሉ ግን ቀደመ። ከቅርቡ ወደ ሩቁ ስትቆርጡ ፈረሱ ይዘላል። ከሩቁ ወደ ቅርቡ ስትመለሱ ደግሞ የረገጠውን መልሶ ይረግጣል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ አያውቀውም፤ የሆነ ነገር እንዳላማረ ግን ያውቃል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ድምፁ ካገጣጠመላችሁ በኋላ በሁለቱም ካሜራ የሚታይ አንድ እንቅስቃሴ ፈልጉ። ባንዲራ ሲወርድ፣ ኮቴ መሬት ሲነካ፣ ጅራፍ ሲነሳ። ወደ ምንጩ ገብታችሁ የሩቁን ካሜራ ምስል ወደ ቀኝ እየገፋችሁ እንቅስቃሴው እንዲገጥም አድርጉ። የሩቁን ካሜራ ድምፅ ዝጉት፤ ሥራውን ጨርሷል። ጥምቀትም ላይ እንዲሁ ነው። ድምፅ ማጉያው በየአቅጣጫው ተሰቅሎ እርስ በርሱ ሲያስተጋባ የትኛው ካሜራ የትኛውን ማጉያ እንደሰማ አይታወቅም። ማኅሌቱን ስትቆርጡ ዓይናችሁ የከበሮው መቺ እጅ ላይ ይሁን።

ድሮን ደግሞ ጭራሽ ድምፅ አይቀዳም። እሱን በማርከር አስገቡት፤ ወይም ከመልቲካሙ ውጭ አድርጋችሁ እንደ ማሳለፊያ ምስል ተጠቀሙበት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ቀረጻ ላይ መጨነቅ ያስፈልጋል። ጭንቀቱም ትንሽ ነው። ካሜራዎቹ ሁሉ ሪከርድ ከተጫኑ በኋላ አንድ ሰው ሁሉም በሚያዩት ቦታ ቆሞ እጁን አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። እልልታ ለዚህ አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ይነሳና የት እንደጀመረ አይለይም። ጭብጨባ ግን ሞገዱ ላይ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ይታያል። ካሜራ ያጠፋ ሰው ሲያበራ እንደገና ያጨብጭብ። የትኛውም ካሜራ ማይኩ አይዘጋ። ጥራቱ ለምንም ባይሆን እንኳ ለማገጣጠሚያ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የካሜራዎቹን ሰዓት አስተካክሉ። አንዱ ካሜራማን በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ ይሞላል፤ ሌላው በፈረንጁ 9 ሰዓት ይላል። ለሁለቱም ያው ጠዋት ነው። ለኮምፒውተሩ ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ክሊፖቹን በሰዓት ቅደም ተከተል ልደርድር ስትሉ የሙሽራዋ ቤት ከመልሱ ጋር ይደባለቃል። በታይምኮድ አገጣጥማለሁ ማለትማ አይታሰብም። ከሥራ በፊት ሁሉም በአንድ ስልክ ሰዓት ይሙላ።

«ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፁ ይሸሻል»

ይሸሻል፤ እውነት ነው። ግን ጥፋቱ የመልቲካም አይደለም። በሬዘር ብትቆርጡትም ይሸሻል።

ዋናው ጥፋተኛ ስልክ ነው። ሦስተኛ ካሜራ ስናጣ ስልክ እናቆማለን፤ ክፋት የለውም። ችግሩ ስልክ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው። 30 ተብሎ አንዴ 29፣ አንዴ 30 ከምናምን ይሆናል። ኤዲቲንግ ፕሮግራም ግን እኩል ፍጥነት ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ የገጠመው ክሊፕ ቀስ እያለ የሚለያየው ለዚህ ነው። መፍትሔው ክሊፑን ወደ ታይምላይን ሳታስገቡ በፊት ሃንድብሬክ ወይም ሹተር ኢንኮደር በሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት መቀየር ነው። ሃንድብሬክ ላይ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን ምረጡ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ስልኩን 25 ላይ አድርጉት። አይፎን ላይ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ የፓል ፎርማቶችን አሳይ የሚል አለ፤ ሲበራ 25 ይመጣል። የብላክማጂክ ካሜራ መተግበሪያም በአይፎንም በአንድሮይድም በነጻ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ፍሬም ሬቱን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። 25ን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። በ25 ፍሬም፣ በሹተር 1/50 ስትቀርጹ የአዳራሹ መብራት ምስሉ ላይ አይርገበገብም። 30 እና 1/60 ስታደርጉት ያ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች መሄድ ይጀምራል። ሪዞልቭ የምትጠቀሙ ደግሞ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ 25 አድርጉ። ክሊፕ ከገባ በኋላ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት መቀየር አይቻልም።

ከዚህ ሌላ ትንሽ መንሸራተት አለ፤ እሱ የማንም ጥፋት አይደለም። እያንዳንዱ ካሜራና መቅጃ የራሱ የውስጥ ሰዓት አለው። ሁለቱ ሰዓቶች ከሚሊዮን 20 ያህል ቢለያዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ 72 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ ሁለት ፍሬም ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለዚህ ነው ሲንክን (የድምፅና የምስሉን መግጠም) መጀመሪያ ላይ ብቻ ማየት የማይበቃው። መጀመሪያ ላይ፣ መሐል ላይ፣ መጨረሻ ላይ አንድ አንድ ቦታ እዩ። መጨረሻው ሸሽቶ ከሆነ ምንጩ ውስጥ ገብታችሁ ሰው ዝም ያለበትን ቦታ ፈልጉ። የተለየውን ድምፅ እዚያ ላይ ቁረጡና ሁለት ፍሬም ሳቡት። ማንም አይሰማውም።

ፋይል መከፋፈሉም ጸሐፊው ድምፅና ምስል «ይለያያሉ» ላሉት አንድ ምክንያት ይመስለኛል። ብዙ ካሜራ ሚሞሪው ፋት32 (ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል የማይቀበል የፎርማት ዓይነት) ሲሆን ፋይሉን 4 ጊጋ ሲሞላ ይቆርጠዋል። በሰከንድ 50 ሜጋቢት ስትቀርጹ ያ 11 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዳንድ ካሜራ ደግሞ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ጭራሽ ያቆማል። ቁርጥራጮቹን እንደ የተለያየ ካሜራ ከቆጠራችኋቸው መልቲካሙ ሦስት ካሜራ ብላችሁ ገብታችሁ አሥራ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ሪዞልቭ ላይ መልቲካም ስትሠሩ ከአንድ ካሜራ የመጡትን ለይ የሚል ምርጫ አለ፤ አብሩት። ፕሪሚየር ላይ በፊት እንዳልኩት የየካሜራውን ክሊፕ በየትራኩ ደርድራችሁ ኔስት አድርጉ። የሚያቆም ካሜራ ካለ ደግሞ ካሜራማኖቹ ተነጋገሩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይቆም አንዱ በ20፣ ሌላው በ25 ደቂቃ አጥፍቶ ያብራ። ምርቃት ሲጀመርማ ማንም አያጥፋ።

ላፕቶፕ

እዚህ ላይ ረጅም መሄድ አያስፈልግም። 4ኬ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የቀረጸ አንድ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ይሞላል፤ ሦስቱ 135 ጊጋ። ሦስቱንም ባንዴ ማጫወት ለብዙዎቻችን ላፕቶፕ ከባድ ነው፤ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ክብደቱ ግን ከመጠኑ ይልቅ ካሜራው ፋይሉን ካመቀበት መንገድ የሚመጣ ነው። አንዷን ፍሬም ለማሳየት በዙሪያዋ ያሉትን መፍታት አለበት፤ ይህን ለሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ያደርጋል።

ለዚህ ነው ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ የክሊፑ ቅጂ) ያለው። ማታ ክሊፖቹን ሁሉ መርጣችሁ ፕሮክሲ እንዲሠራ አዛችሁ ትተኛላችሁ። ፕሮሬስ ፕሮክሲ የሚባለው ዓይነት በ1080፣ በ25 ፍሬም በሰከንድ 38 ሜጋቢት ብቻ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬም ደግሞ ለብቻዋ የቆመች ናት። አሮጌ ላፕቶፕም ይችላታል። ሥራው ሲያልቅ ኤክስፖርቱ ከዋናው ፋይል ይወጣል። ሌሊት መብራት ከሄደ ጠዋት መጀመሪያ የትኛው ክሊፕ ላይ እንደቆመ እዩ፤ ያንን ግማሽ ፋይል አጥፍታችሁ እንደገና አሠሩት። ያ ካልሆነም የማጫወቻውን ጥራት ወደ ሩብ ዝቅ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

«ቁጥር እየተጫኑ መቁረጥ ጥበብን ይገድላል»

ይህን ሲጽፉ ምን እንዳዩ ይገባኛል። በየሁለት ሰከንዱ የሚቆረጥ የሰርግ ቪዲዮ አይተዋል። እኔም አይቻለሁ። ያናድዳል። ግን ያ የኤዲተሩ ጣት ነው። ሬዘር ይዞም ያው ሰው ያንኑ ያደርጋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ፕሪሚየር ላይ ሺፍትና 0 ስትጫኑ ሦስቱም ካሜራ ጎን ለጎን ይታያሉ። ታጫውታላችሁ፤ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ይህ ረቂቅ ነው። ስታቆሙ ቁርጦቹ ታይምላይኑ ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ነው ኤዲቲንጉ የሚጀምረው። አንዷ ቁርጥ ከዘገየች ኤንን ተጭናችሁ በሮሊንግ ኤዲት (የቁርጧን ቦታ ብቻ በሚያንሸራትተው መሣሪያ) ትስቧታላችሁ። ካሜራው ካልተስማማችሁ ጠቋሚውን እዚያ አቁማችሁ ሌላ ቁጥር ትጫናላችሁ፤ ሳይቆረጥ ካሜራው ይቀየራል። ሦስቱን ምስል በአንድ ጊዜ እያየ የሚመርጥ ሰውና አንዱን ትራክ አንስቶ ከሥሩ ያለውን እየገለጠ የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት ምርጫ አይኖራቸውም። የመጀመሪያው ሁሉንም አይቶ ነው የሚወስነው።

እስክስታን ውሰዱ። የጎጃም እስክስታ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው እየተርገፈገፈ እያለ መሐል ላይ ከቆረጣችሁት እንቅስቃሴው ይሞታል። ሦስቱን ካሜራ ጎን ለጎን ስታዩ ግን ተጨፋሪው መቼ እንደሚያርፍ፣ መቼ ወደ ጓደኛው እንደሚዞር ቀድሞ ይታያችኋል። እዚያ ነው የሚቆረጠው። ከዚያ በፊት ትከሻውን በቅርብ የያዘውን ካሜራ ሳትነኩ ተዉት። 20 ሰከንድም ይሁን፣ 30ም ይሁን።

ጉልበት መሳም ላይማ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሙሽራዋ ጎንበስ ትላለች። አንደኛው ካሜራ እሷን ከጎን ይዟታል። ሁለተኛው የእናቷን ፊት ይዟል። የእናትየው ዓይን እንባ የሚሞላው ልጇ ጎንበስ ማለት ስትጀምር ነው፤ ልጇ ጉልበቷ ላይ ስትደርስማ እናትየው እጇን የልጇ ጭንቅላት ላይ አድርጋ ፊቷን ዞር ታደርጋለች። በሬዘር ለየብቻ ስትሠሩ መጎንበሱን ጨርሳችሁ ነው ወደ እናትየው የምትሄዱት፤ ያን ጊዜ ፊቷን አዙራለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ኤዲተር መጎንበሱ መሐል ላይ ወደ እናትየው ይቆርጣል። ይህንን ቪዲዮ ቤተሰቡ ለዓመታት እየከፈተ ያየዋል። ያቺን ሰከንድ ማዳን ጥበብ ካልሆነ ሌላ ጥበብ አላውቅም።

ድምፁ ከካሜራው ጋር ይቀያየር?

አይሆንም። በጽሑፉ ውስጥ አጥብቄ የምቃወመው ምክር ይህ ነው።

ሽማግሌው ቆመው ይመርቃሉ። አንደኛው ካሜራ አጠገባቸው ነው፤ ድምፃቸው ወፍራምና ጥርት ያለ ነው። ሦስተኛው ካሜራ ከዳሱ ጫፍ ነው፤ የእሳቸው ድምፅ ከሩቅ፣ የሳህን ኳኳታና የሕጻናት ጫጫታ ከቅርብ ይሰማዋል። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ቆረጣችሁ። ድምፁ አብሮ ከተቀየረ ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ከቤት ወጥተው የሄዱ ይመስላል። «አሜን» ሲባል ተመልሰው ይመጣሉ። ምስል ሲቀየር ሰው ይቀበላል። ድምፅ ሲቀየር ግን ወዲያው ይነቃል።

ስለዚህ ድምፁ አንድ ይሁን። ከተቻለ ሽማግሌው ወይም ቄሱ ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክና መቅጃ ይኑር፤ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ ትቅዳ። ካልተቻለ ከሚክሰሩ አንድ መስመር ውሰዱ። ያም ካልሆነ አጠገባቸው የቆመው ካሜራ ድምፅ ዋና ይሁን። ፕሪሚየር ላይ መልቲካሙን ስትሠሩ ስለ ድምፅ ይጠይቃችኋል፤ «ስዊች ኦዲዮ» የሚለውን ትታችሁ «ካሜራ 1» የሚለውን ምረጡ። አንደኛ ካሜራ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ያ ጥሩ ድምፅ ያለው መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። ሪዞልቭ ላይ ደግሞ ከመልቲካም ማያው ሥር ካሉት ምልክቶች ቪዲዮ ብቻ የሚለውን ተጭናችሁ መቁረጥ ጀምሩ። የሌሎቹን ካሜራዎች ድምፅ አታጥፉት፤ ምንጩ ውስጥ ዝጉት እንጂ። እልልታው ሲቀልጥ የዳሱ ጫፍ ካሜራ የቀዳው ነው የሚያምረው፤ ያን ጊዜ ከፍታችሁ ከዋናው ሥር ቀስ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ።